ቼሎ ይዘን ጅማ፦ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ኅዳር 12 ቀን 2017፣ ሐሙስ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጊቤ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ኅዳር ሲታጠን ነው። ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት በየሰፈሩ የተከመረው ቆሻሻ ይጨስ ነበር፤ ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ ከፊታችን የሚሄደውን መኪና የምንለየው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ካራቆታት ወዲህ በየዓመቱ የሚደገመው ጭስ ለእኛ መሸኛ ሆነልን። ሰበታን ካለፍን በኋላ ለቀቀንና በምትኩ የታጨደ ጤፍ ሽታ በመስኮቱ ገባ። የበቾ ሜዳ ግራና ቀኙ ነዶ ነዶ ሆኗል።

በሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጋር ስድስት ሰዎች ነበርን፤ የተያዘው መቀመጫ ግን ሰባት ነው። ሰባተኛው ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ የክር መሣሪያ፣ የቼሎው ነበር፤ ከሾፌሩ ጀርባ ለብቻው በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ለአምስት ቀን ከነሾፌሩ 30,000 ብር ተከራየን፤ ነዳጁ በእኛ ነው።

አራቱ ሙዚቀኞች ስማችን አይጻፍ ስላሉ በመሣሪያቸው እጠራቸዋለሁ፦ አንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚበልጠው) እና ቼሎ። ከአራቱ ሴቷ ሁለተኛ ቫዮሊን ናት፤ እትዬ እላታለሁ። የቼሎው ባለቤት ደግሞ መምህሬ ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። አራቱም በ1990 ዓ.ም. በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተገናኝተው ኳርቴት፣ የአራት ሰው የሙዚቃ ቡድን፣ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ 27 ዓመት አንድም ሰው አልወጣም፣ አንድም ሰው አልገባም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተቋቋመው አማዴዎስ ኳርቴት አርባ ዓመት ሙሉ በአራቱ ሰዎች ብቻ ተጫውቶ፣ በ1987 የቪዮላው ሰው ፒተር ሺድሎፍ ሲሞት ሦስቱ ሌላ ሰው አንተካም ብለው ኳርቴቱን ዘጉት። ጋሼ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ይነግራሉ። እኔም የሰማሁት በ14 ዓመቴ ነው። ሦስቱ ሰዎች በማግስቱ ምን እንዳደረጉ አሁንም አስባለሁ።

የእኔ ሥራ በዝግጅቱ ላይ ስለሚጫወቱት ሙዚቃ ለታዳሚው መናገር ነበር። ጅማ የጠራን የመንግሥት ድጋፍ ወይም ትልቅ ድርጅት አይደለም፤ ከቪዮላው ጋር በወጣትነቷ አብራ ያስተማረች፣ ዛሬ ጡረታ የወጣች የጅማ መምህርት ናት።

ወሊሶ ላይ ጨጨብሳ በማር ቁርስ በልተን አለፍን። ወልቂጤ ስንደርስ ገና አምስት ሰዓት ቢሆንም ምሳ አዘዝን፤ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ወልቂጤን ያለ ክትፎ ማለፍ የሚታሰብ አልነበረም። በጣባ የመጣው ክትፎ ከአይብ፣ ከጎመንና ከስስ ቆጮ ጋር 650 ብር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያኔ በዚህ ዋጋ የምበላው ግማሹን ነበር፤ ቅቤውም እንዲህ አይሸትም።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዙ አጠገብ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ከተነሳንበት ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወርደናል ማለት ነው። ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ይመታል። ቁልቁለቱን አጋምሰን የኋላ ጎማችን ፈነዳ።

ሾፌሩ ክሪኩን አስገብቶ ስኮርታውን ሲያወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ቆሞ ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። አንድ የጭነት መኪና ቆመለትና ሁለቱንም ጎማ ጭኖ ወደ ወልቂጤ ጎሚስታ ተመለሰ። እኛ መንገድ ዳር ቀረን። የሚኒባሱ ውስጥ ስለማይቻል መሣሪያዎቹን አውጥተን ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጥን፤ ጋሼ ቼሎውን ለእኔ አደራ ሰጥተው ከሌሎቹ ጋር ወደ ወንዙ አቅጣጫ ለማየት ሄዱ።

ልጆች ፓፓያ ይዘው መጡ። ስለ ትምህርታቸው እየጠየቅኳቸው፣ ፓፓያውን እየቆረጥን፣ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ሲወርዱ እያየን ቆየን። የግራሩ ጥላ ቦታውን ለቅቆ መሄዱን ያስተዋልኩት ጋሼ ከሩቅ ሲጮሁ ነው። የቼሎው ጥቁር ሣጥን ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ነበር። እጄን ሳስነካው አቃጠለኝ። ጋሼ ሣጥኑን አቅፈው ወደ ጥላ ወሰዱት እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሾፌሩ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ተመለሰ። ከሰኮሩ ወዲያ አስፋልቱ በየቦታው የተቦረቦረ ስለነበር በዝግታ ነው የሄድነው፤ ግልገል ጊቤን በጨለማ አልፈን ጅማ የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፦ ሂርማታ

ማታውኑ ጋሼ በሆቴል ክፍላቸው ሣጥኑን ከፈቱ። አራቱንም ክሮች አንድ በአንድ ነኩ። ወፍራሙ ክር ሲነካ ከድምፁ ጋር ሌላ ትንሽ ድምፅ አብሮ ይወጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል። በጣታቸው ዳር ዳሩን እያንኳኩ ዞሩት። ከታች በስተግራ፣ የፊቱ ሳንቃ ከጎኑ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተላቅቋል። «ሙጫው ነው፤ እንጨቱ ደህና ነው» አሉ። ያንን ሌሊት አልተኛሁም።

እዚህ ላይ የማያውቅ ሰው ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ። ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ የሚጣበቁት ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚፈላ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይላላል፤ እንዲላላም ነው የተመረጠው። እንጨቱ በአየር ለውጥ ሲያብጥና ሲኮማተር መጋጠሚያው ይለቅለታል፤ ሙጫው ባይለቅ ኖሮ የሚሰነጠቀው ሳንቃው ነው። የተላቀቀ መጋጠሚያ እንደገና ይጣበቃል፣ የተሰነጠቀ ሳንቃ ግን ዕድሜ ልክ ጠባሳ ነው። በዛሬዎቹ የአናጺ ቤቶች ያለው ቪናቪል የሚባለው ነጭ ሙጫ ደግሞ እንጨቱን ይዞ አይለቅም፤ ቼሎ ላይ ከገባ ቀጥሎ የሚሠራው ባለሙያ ይረግምሃል።

ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ነው፤ ባለሦስት እግር በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ ያላየው የለም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ቪዮላው፣ ጋሼና እኔ ቼሎውን ባጃጅ ላይ ጭነን በነፍስ ወከፍ 20 ብር ከፍለን ወደ ሂርማታ ሰፈር ወረድን። በመጀመሪያዎቹ አራት የእንጨት ቤቶች ያገኘናቸው ወጣቶች ትሑታን ነበሩ፤ ሁሉም ግን የነጭ ሙጫ ዕቃ ነው ያወጡት። ጋሼ በየቤቱ «ከቆዳ የሚፈላውን» እያሉ ይጠይቃሉ። አራተኛው ልጅ አሰበና «እሱን የሚያውቁት ሀጂ ብቻ ናቸው» ብሎ ቦታውን አሳየን።

ሀጂ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የዋንዛ ፍልጥ መሐል ተቀምጠው በርጩማ ይልጋሉ። ቼሎውን ሲያዩ መሮውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሳይነኩ ዙሪያውን አዩት። ከዚያ እንደ ሐኪም በጣታቸው አንኳኩ።

«ይህ ጥድ ነው?»

«የፈረንጅ አገር ጥድ ነው ሀጂ። ጀርባው ሌላ እንጨት ነው» አሏቸው ጋሼ።

«ዋንዛ ቢሆን ከዚህ ይከብድ ነበር። ይህን የሠራው ሰው ቸኩሎ አያውቅም።»

አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ከአንድ ጣሊያናዊ አናጺ ጋር ሠርተው ሙጫ ማፍላት እንደተማሩ፣ እሳቸውም ከአባታቸው እንዳዩት ነገሩን። ከመደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የደረቀ ቡናማ ቁርጥራጭ አወረዱ። እንደ ዕጣን ነው የሚመስለው። በጣሳ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉትና «ከጁምዓ በኋላ ኑ» አሉን።

ስድስት ሰዓት ላይ የሂርማታ ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ መንገዱ በነጭ ልብስ ሞላ። ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን። ስኒው 20 ብር ነበር፤ አዲስ አበባ ሰፈሬ ውስጥ ያኔ 30 ከፍዬ የምጠጣው ከዚህ ጋር ስሙ እንጂ ጣዕሙ አይገናኝም። የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሸት ቡና ዋጋ ነው።

ስንመለስ ሀጂ ጣሳውን በፈላ ውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ አስቀምጠው በከሰል ያሞቁት ነበር። ሙጫውን በቀጥታ እሳት ላይ አይጥዱትም፤ ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል። ሽታው ደስ አይልም፣ ቀለሙ ግን የማር ነው። ጋሼ በቀጭን ቢላ መጋጠሚያውን በጥንቃቄ ከፈቱ፤ ሀጂ የዶሮ ላባ በሙጫው ነክረው ወደ ውስጥ አስገቡ። ሁለት ሰው ሲሠራ ሌላው መተንፈስ የሚፈራበት ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜ እንደዚያ ነበር። የሀጂ ሞርሳዎች ለበርና ለመስኮት የተሠሩ ትላልቅ ብረቶች ስለሆኑ የእንጨቱን ቫርኒሽ እንዳይጎዱ የልጅ ልጃቸው አሮጌ ጋቢ ቆራርጦ አመጣልን። ስድስት ሞርሳ ጠበቀ።

«እስከ ነገ ጠዋት ማንም አይንካው። እዚሁ ይደር፤ እኔ አጠገቡ እተኛለሁ» አሉ።

ጋሼ 23 ዓመት አብሯቸው የኖረውን ቼሎ በማያውቁት ሰው ቤት ትተው ወጡ። ስንት ነው ሲሏቸው ሀጂ እጃቸውን አወዛወዙ። «ከጮኸ በኋላ እንነጋገራለን።»

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፦ የኮንሰርቱ ቀን

ሞርሳው ሲፈታ መጋጠሚያው በጥፍር እንኳ አይታወቅም ነበር። ጋሼ እዚያው፣ የዋንዛ ፍቅፋቂ ላይ በርጩማ ተቀምጠው፣ ወፍራሙን ክር በደጋን ሳቡት። ዝንቡ የለም። የጎረቤት አናጺዎች መጋዛቸውን አቁመው መጡ። ሀጂ ምንም አላሉም፤ መዳፋቸውን በቼሎው ጎን ላይ አድርገው ንዝረቱን ያዳምጡ ነበር። ገንዘብ አልወሰዱም። ለራሳቸውና ለልጅ ልጃቸው መግቢያ ብቻ ጠየቁ፤ መግቢያው ለአዋቂ 100፣ ለተማሪ 30 ብር ነበር።

አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ስንደርስ ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች በግራና በቀኝ ቆመዋል፤ ድምፅ የሚያስተካክለው ወጣት አራት ማይክሮፎን ተክሎ ጨርሷል። ከራሱ ኪስ ነዳጅ ገዝቶ ከሌላ ሰፈር ያመጣው ዕቃ ነው። እትዬ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ድካምህን አይቻለሁ። እኛ ግን ያለ ማይክሮፎን ነው የምንጫወተው።»

«እትዬ፣ ኋላ ያለው ሰው አይሰማም!»

«ዝም ካለ ይሰማል።»

በነገሩ ላይ የራሴን እምነት ልናገር። እንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ የቻምበር ሙዚቃ የተባለው በመነሻው ለክፍል፣ ለቤት እንግዳ የተጻፈ ስለሆነ ነው። በድምፅ ማጉያ ሲወጣ አራቱ መሣሪያዎች አንድ ወፍራም ድምፅ ይሆናሉ፤ ደጋኑ ክሩን ሲነካ፣ አንዱ ለሌላው ቦታ ሲለቅ፣ ከመነሳታቸው በፊት አብረው ሲተነፍሱ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጆሯችንን በየሠርጉና በየአዳራሹ በጩኸት አላመድነው እንጂ ማዳመጥ የማንችል ሕዝብ አይደለንም። አዝማሪ አንዲት ክር ባላት ማሲንቆ ቤት ሙሉ ሰው ዝም ያሰኝ የነበረው ያለ ኤሌክትሪክ ነው። ወጣቱ ቅር ብሎት ማይክሮፎኖቹን አነሳ፤ አዝኜለትም ነበር። ሄዶ ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ ይሰማ እንደሆነ ሊፈትን ነው።

በ11 ሰዓት 150 ያህል ሰው ገባ። ከአዲስ አበባ ኮንሰርቶች የተለየው ነገር በሰዓቱ መግባታቸው ነው። ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ከነልጆቻቸው የመጡ እናቶች። ሀጂ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የሃይድን ኳርቴት፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 76 ቁጥር 3 ነበር። ሃይድን በ1797 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ መዝሙር ጻፈ፤ ከዚያ ያንኑ ዜማ ወስዶ የዚህን ኳርቴት ሁለተኛ ክፍል ሠራበት። ለታዳሚው የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዜማውን አጥብቃችሁ ያዙት። እሱ አይለወጥም፤ ያዢው ነው የሚለወጠው። አንደኛ ቫዮሊን ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ከዚያ ቼሎ፣ ከዚያ ቪዮላ ይቀበላሉ፤ በመጨረሻ ወደ አንደኛ ቫዮሊን ይመለሳል።» ዜማው ሲጀምር ፊት ለፊት የተቀመጠ የኳስ ማሊያ የለበሰ ልጅ ጮክ ብሎ «የጀርመን መዝሙር!» አለ። ልክ ነው፤ የዛሬው የጀርመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ይኸው ነው። እናቱ አፉን ያዘችው፤ አንደኛ ቫዮሊን ግን ሳያቋርጥ ራሱን ነቅንቆ አዎ አለው።

ሁለተኛ ቫዮሊን ዜማውን ይዛ፣ አንደኛው በላይዋ በቀጭኑ እየሮጠ፣ ሁለቱ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ ነው። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ከዚያ ተራው የቼሎ ሆነ፤ ጋሼ ሦስት ወይም አራት ኖታ እንደሄዱ ዝናቡ ወረደ።

ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ የቼሎው ድምፅ ፈጽሞ ተዋጠ፤ የጋሼ ክንድ ሲሄድ ይታያል፣ የሚሰማ ነገር የለም። አንደኛ ቫዮሊን ደጋኑን አነሳ፤ አራቱም ቆሙ። ወጣቱ ከኋላ ተነስቶ ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ ሲመለከት አየሁት። እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ቁጭ አለ።

ለዕረፍት የታሰበው ቡና ያኔውኑ ቀረበ። 35 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ጃንጥላ የያዙትም አልወጡም። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንደኛ ቫዮሊንን «ለምን አራት? ለምን ሦስት ወይም አምስት አልሆነም?» ብላ ጠየቀችው። ወንበሯ አጠገብ ተቀመጠና መዘምራን በአራት ድምፅ ሲከፈሉ ከቀጭኑ የሴት ድምፅ እስከ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ እንደሚደረደሩ፣ ኳርቴትም ያንን እንደሚከተል፣ አንድ ሰው ሲጨመር ደግሞ የሚሰማው ንግግር መንጫጫት እንደሚጀምር አስረዳት። አምስት ሆነው የሚጫወቱ ድንቅ ሥራዎች መኖራቸውን ግን አልሸሸጋትም። በዚህ መሐል፣ ከአዳራሹ ጥግ፣ ሴቶቹ ቡና ከሚቀዱበት፣ የሃይድን ዜማ ሲንጎራጎር ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሰሙት ዜማ ነው። ቪዮላውም ሰምቶ ዞረና አየኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ከቆሙበት አልቀጠሉም፤ ዜማውን ከመጀመሪያው አነሱት። አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዜማ ነበር። ቼሎ ላይ ሲደርስ ሀጂ ወደ ፊት አዘነበሉ። የሚያዩት የጋሼን እጅ አልነበረም፤ ከታች በስተግራ ያለችውን መጋጠሚያ ነበር።

ቀጥሎ የድቮርዣክ ኦፐስ 96። የቦሄሚያው (የዛሬዋ ቼክ) የሙዚቃ ደራሲ ድቮርዣክ በጁን 1893 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ስፒልቪል በምትባል የአይዋ መንደር፣ የአገሩ ሰዎች መሐል ሆኖ በሦስት ቀን ንድፉን ጨርሶ ጻፈው። ሲጀምር ቫዮሊኖቹ በስሱ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዜማውን የሚያወጣው ቪዮላ ነው። ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፤ አምስት ድምፅ ብቻ። የእኛ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች እርስ በርስ ያላቸው ርቀትም ይኸው ነው። ይህን አስቀድሜ ለመናገር አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ፤ ደስም አለኝ። ምክንያቱም ቪዮላው ገና ሐረጉን ሳይጨርስ ከኋላዬ አንዲት እናት ለጎረቤቷ «ትዝታ ነው እንዴ?» ስትል ሰማኋት። የቦሄሚያ ሰው አሜሪካ ተቀምጦ የጻፈው ነው ብል በዚያች ሰዓት ማን ያምነኝ ነበር?

በጭብጨባው ብዛት ቪዮላው ራሱ ለአራት መሣሪያ ያቀናበረውን ትዝታ ጨመሩ። ሲያልቅ ጭብጨባው ወዲያው አልመጣም። ድምፅ የሚያስተካክለው ወጣት መጥቶ እትዬን «ኋላም ይሰማል» አላት። ተቃቀፉ።

ኅዳር 15፣ እሑድ፦ ጅሬን

ጾም ገባ። ጠዋት ወደ ጅሬን ወጣን፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታው ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ገዝተዋል፤ ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት አዳኑ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ጊዜ አቆዩ። እኔ ይህን ከትምህርት ቤት አውቀው ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኔ የሄደው ወደ ሌላ ነው። ሀጂ ስንሰናበታቸው «ጅሬን ስትሄዱ ሰገነቱን ብቻ እንዳታዩ፣ እንጨቱ የተጋጠመበትን እዩ» ብለውን ስለነበር አምስታችንም አንገታችንን ሰብረን መጋጠሚያ ስንፈልግ ዋልን። በሰገነቱ ዙሪያ ያለው እንጨት ከመቶ ዓመት በኋላም በቦታው አለ። ጋሼ ደረጃውን በጣታቸው አንኳኩ፤ ልማድ ሆኖባቸዋል። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲታይ ከተማው በዛፍ ተሸፍኗል፤ አዲስ አበባ ከእንጦጦ ሲታይ እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም።

ምሳ አስተናጋጃችን ቤት ነበር። እሷ ሙስሊም ናት፤ ጾም መግባቱን ከእኛ ቀድማ ታውቅ ነበር። ሽሮ፣ ጎመን፣ የተከተፈ አቮካዶ በሎሚ፣ በዘይት የተሠራ ገንፎ በበርበሬ። ለራሷ ቤተሰብ የተሠራው ሥጋ እኛ እስክንወጣ ከጓዳ አልወጣም። ግቢዋ ውስጥ በሽቦ አልጋ ላይ ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቷል፤ የልጇ ልጆች በየተራ ያገላብጡታል። ቪዮላውና እሷ በወጣትነታቸው ስላስተማሯቸው ልጆች፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ማን እንደሞተ፣ እስከ አሥር ሰዓት አወሩ። እኔ ቡናውን ሳገላብጥ ቆየሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ፦ መልስ

ከመውጣታችን በፊት ገበያ ገብተን ማር ገዛን፤ ነጩ ኪሎው 600፣ ቀዩ 500 ብር ነበር። ጋሼ ከሀጂ ሁለት በርጩማ ወሰዱ። ሀጂ ለቼሎው ያልተቀበሉትን ገንዘብ ለበርጩማው ከተጠየቀው በላይ እንዲቀበሉ ስንለምናቸው ብዙ ቆየን፤ በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው ኪስ ውስጥ ከተትነው።

ጊቤን በሙቀት ሰዓት ላለማለፍ ብለን በ11 ሰዓት ንጋት ተነሳን፤ ሱቅ ቀድሞ የከፈተልን የማሩ ነጋዴ ይመስገን። አሰንዳቦ አካባቢ ልጆች ከግልገል ጊቤ ግድብ የወጣ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ያሳዩናል፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ሐይቅ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ስንወርድ የቼሎው ሣጥን በእርጥብ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ በላዩ የእኔ ነጠላ ተደርቦ፣ እጄ ከሣጥኑ ላይ ሳይነሳ ነው የተሻገርነው። ጎማ የፈነዳብን ቦታ ስንደርስ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ግራሩን አየሁት። ማንም አልተናገረም።

አዲስ አበባ በዘጠኝ ሰዓት ገባን። ጋሼን ቤታቸው ድረስ ሸኘናቸው። ሣጥኑን ከፍተው ዳር ዳሩን እያንኳኩ ሳሉ ስልካቸው ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው እኔም እንድሰማ አቀረቡልኝ። ሀጂ ናቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ያዘ?»

ጋሼ መጋጠሚያዋን አንድ ጊዜ፣ ደግመው አንድ ጊዜ አንኳኩ።

«ይዟል ሀጂ።»